የፔኒ ዘፈን ውሸት ብቻ ነበር? ስለ ቪክቶሪያ ዘመን የቤት ሠራተኞች ዘፈኖች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ አንድ ጸሐፊ በቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ መንገዶች ላይ በነጠላ ወረቀት ታትመው በአንድ ፔኒና በግማሽ ፔኒ ይሸጡ ስለነበሩ ዘፈኖች፣ በተለይም የቤት ሠራተኞችን በደል ስለሚያነሱት፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ አቅርበዋል። ጉዳዩ በአማርኛ ከስንት አንዴ የሚነሳ ስለሆነ በጉጉት ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ስጨርሰው ግን ዝም ማለት ከበደኝ። ጸሐፊው ብዙ አንብበዋል፤ ያነበቡትን ግን አስቀድመው ለያዙት ፍርድ ማስረጃ ብቻ አድርገውታል።

ያላነበበው እንዲከታተል መከራከሪያቸውን ላሳጥረው። ዘፈኖቹ በሙሉ የለቅሶ ንግድ ናቸው ይላሉ። ይዘታቸው ፈጠራ ስለሆነ የታሪክ ሰው ሊነካቸው አይገባም። አንድም ሠራተኛ አልጻፋቸውም፣ አላነበባቸውምም። የሚተርኩት በደል ጥቂት ጨካኞች የፈጸሙት እንጂ የዘመኑ ገጽታ አልነበረም። በሚሊዮን ተቸብችበው ነጋዴ ቢያከብሩም በሕጉ ላይ ያመጡት ለውጥ የለም። ኋላም የጠፉት በደሉ ራሱ ስለጠፋ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዛሬ ስለ ዐረብ አገር እህቶቻችን የሚወጡ ዘፈኖችን የዚያው ንግድ ልጆች ያደርጓቸዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ እነዚህ ወረቀቶች ለገንዘብ የታተሙ መሆናቸው ሐሰተኛ አያደርጋቸውም። የቤት ሠራተኛዋ ሕግ ዘንድ በር በተዘጋባት ጊዜ ስሟ በአደባባይ የተጠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ነበሩ፤ አንዱ ይህ የመንገድ ወረቀት ነው። ከፍርድ ቤት መዝገብ አጠገብ አስቀምጦ ማንበብ እንጂ መጣል አይገባም።

ከለቅሶው ልጀምር። ጸሐፊው «ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው እንባ ነው» ብለው የጄን ዊልብሬድን ዘፈን በምሳሌነት አንስተዋል። የመረጡት ምሳሌ ራሱ ይከራከራቸዋል።

ጄን ዊልብሬድ ከለንደን ወርክሃውስ፣ ማለትም ከድሆች መጠለያ፣ ወጥታ በአገልጋይነት የተቀጠረች ወላጅ አልባ ልጅ ነበረች። አሠሪዎቿ ጆርጅ ስሎን የተባለ የሕግ ሰውና ሚስቱ ቴሬሳ ናቸው። ይኖሩ የነበሩት ፓምፕ ኮርት ነው። ይህ ቦታ ቴምፕል በሚባለው የጠበቆች መንደር ውስጥ ይገኛል፤ ግራ ቢሉ ጠበቃ፣ ቀኝ ቢሉ ጠበቃ የሆነበት ሰፈር ማለት ነው። ልጅቷ በ1850 መጨረሻ ሆስፒታል ስትገባ በረሃብ ከስታ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ምርመራው ሲጀመር የተሰማው ምስክርነት ለጆሮ የሚቀፍ ነው፤ መደብደቧ፣ ከወገብ በላይ ልብስ መከልከሏ፣ ሰናፍጭ እንድትበላ መገደዷ፣ ከዚያም የከፋ ቆሻሻ። ሕዝቡ ስሎንን ባየው ቁጥር ሊደበድበው ይጋፋ ስለነበር ፖሊስ ከመካከል መግባት ነበረበት። በየካቲት 1851 ባልና ሚስቱ ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የለንደን የወንጀል ችሎት ቀርበው የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ዘፈኑ ታዲያ ምን አለ? ሄንሪ ሜይሂው በዚያው ሰሞን ስለ ለንደን ድሆችና የመንገድ ነጋዴዎች ባሳተመው ሰፊ ሥራ ውስጥ ጥቂት ስንኞች ተርፈዋል። በግርድፉ ወደ አማርኛ ስመልሳቸው እንዲህ ይላሉ፦

ጄንን አስራብናት፣ መታናት ክፉኛ፣
ጨካኞች ነበርን፣ እናምናለን እኛ።
አሁን ሁለት ዓመት ወህኒ ልናለቅስ፣
ሰናፍጭ ባጥሚት ላይ አንወድም ሲፈስ።

ይህ ለቅሶ ነው? ስላቅ ነው እንጂ። ተናጋሪዎቹ አሠሪዎቹ ናቸው። እስር ቤት ገብተው አጥሚት ሊጠጡ ነው፤ ለልጅቷ ሲያበሏት የነበረው ሰናፍጭ በእነርሱ አጥሚት ላይ እንዳይፈስ ይለማመጣሉ። ገዢው ሰናፍጩን ከምርመራው ወሬ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ማብራሪያ አያሻውም፣ ይስቃል። አንድ ጠበቃ ከነሚስቱ የመንገድ መሳለቂያ ሆኗል። በዚያ ዘመን ባለኮት ሰው ከእስራቱ እኩል የሚያመው ይህ ነው። በጽሑፋቸው ላይ ይህ ስንኝ የለም፤ ለምን እንደዘለሉት አላውቅም።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከዘፈኑ የተረፈው ስንኝ በምስክርነቱ ከተሰማው የቀለለ ነው። ቆሻሻውን አላነሳም፣ ዕርቃኗን አላነሳም፤ ከሰናፍጩ ሌላ ያለው «አስራብናት፣ መታናት» ብቻ ነው። የፔኒ ወረቀት ሁልጊዜ ያጋንናል የሚለው ሐሳብ ቢያንስ እዚህ ቦታ አይሠራም። ያጋነነ የሚመስለው የችሎቱ ቃል ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያስገባናል፤ «ሁሉም ፈጠራ ነው» ወደሚለው። ጸሐፊው የጠሩት ትልቅ ምስክር አሜሪካዊው ሊቅ ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ነው። ቻይልድ 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጥንታዊ የትረካ ዘፈኖችን ከ1882 ጀምሮ በተከታታይ ያሳተመ ሰው ነው። በ1872 በጻፈው ደብዳቤ የመንገድ ወረቀቶቹን ስብስብ እውነተኛ የፍግ ክምር ብሎ ሰድቧል፤ ብዙ አጸያፊ ነገር ከቆፈሩ በኋላ አንድ መጠነኛ ዕንቁ ይገኝበታል ነው ያለው። ስድቡ እውነት ነው፣ ጽፎታል። ነገር ግን ቻይልድ የሚፈልገው ምን ነበር? ከማተሚያ ቤት በፊት በአፍ የኖረ፣ ያረጀና የተዋበ ግጥም። የ1851 የሠራተኛ በደል ታሪክ ለእርሱ ገና በመወለዱ ብቻ የወደቀ ነው። የቻይልድ መለኪያ ዕድሜና ውበት እንጂ እውነትነት አልነበረም። ወርቅ ፈላጊ የጣለው አፈር ለገበሬ አፈር ነው። ጸሐፊው የውበት ፍርድን አምጥተው የእውነት ፍርድ አድርገውታል።

በእርግጥ የተፈበረከ ብዙ ነበር። ሻጮቹ ራሳቸው ለሜይሂው በግልጽ ነግረውታል፦ ገበያ ሲቀዘቅዝ ያልተፈጸመ ግድያ፣ ያልተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ፣ ያልሞተ ሰው ሞት አትመው ይሸጣሉ። እንዲህ ላለው የውሸት ወረቀት በመካከላቸው የራሱ ስም ነበረው። ደራሲውም ለአንድ ዘፈን የሚከፈለው አንድ ሽልንግ ስለነበር ቁጭ ብሎ ማስረጃ የሚያጣራበት ምክንያት የለውም። ከላይ የሚታተመው የእንጨት ቅርጽ ሥዕልም ከዘፈን ዘፈን ይዘዋወራል፤ ትናንት ልዕልት የነበረችው ሴት ዛሬ የተገደለች ገረድ ትሆናለች። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚህ ተነስቶ ስም፣ ቦታና ችሎት ያለውን ዘፈን ከፈጠራው ጋር አብሮ መጣል ነው። የጄን ዊልብሬድ ጉዳይ ችሎት አለው። የሣራ ቶማስም አለው። ማነጻጸር ይቻላል፤ ሥራው ግን ይደክማል።

ሣራ ቶማስን ካነሳሁ አይቀር ጸሐፊው ስላልነገሩን ስለ እርሷ ላውራ። «በዘፈኖቹ ሠራተኛዋ ሁልጊዜ ንጹሕ በግ፣ እመቤቷ ሁልጊዜ ተኩላ ናት» ላሉት ከእርሷ የተሻለ መልስ የለም። ሣራ በብሪስቶል ከተማ፣ ትሬንቻርድ ስትሪት፣ ኤልዛቤት ጄፈሪስ በተባሉ ያላገቡ አሮጊት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። በ1849 እመቤቷን ተኝተው ሳሉ በድንጋይ ቀጥቅጣ ገደለች። የአሮጊቷ ጠባይ የከፋ እንደነበር በጊዜው በሰፊው ተወርቷል፤ ልጅቷም በቤቱ የደረሰባትን ተናግራለች። ብዙ ሰው ምሕረት ለመነላት፤ አልሆነም። ሚያዝያ 20 ቀን 1849 በአደባባይ ተሰቀለች። ወደ መስቀያው የወጣችው በእግሯ ሳይሆን እየተጎተተች ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ አሳታሚው የሚያወጣው የታወቀ ቅርጽ አለ። ሟቿ በራሷ አንደበት ትናገራለች፤ ስሟን፣ ኃጢአቷን፣ ጸጸቷን ዘርዝራ እናቶችንና ወጣት ሴቶችን ታስጠነቅቃለች። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የሚታተመው ገመዱ ከመዘጋጀቱ በፊት ስለሆነ «የመጨረሻ ቃሏ» ተናጋሪዋ በሕይወት ሳለች ገበያ ላይ ነው። ጸሐፊው በዚህ ቢያሾፉ ኖሮ አብሬያቸው እስቅ ነበር። ነገር ግን ቅርጹ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ፦ ነፍሰ ገዳይዋን ገረድ «እኔ» ያሰኛታል። ገዢው፣ እርሱም ብዙ ጊዜ ተቀጥሮ የሚያድር ሰው፣ ዘፈኑን ሲያንጎራጉር «እኔ» የሚለው በእርሷ ቦታ ሆኖ ነው። የዳኛው የፍርድ ቃል እንዲህ ያለ ቦታ አይሰጥም።

ሦስተኛው ክስ «ሠራተኞች አልጻፉትም፣ አላነበቡትም» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ ለለንደን በአብዛኛው እውነት ነው። ሰቨን ዳያልስ በሚባለው ሰፈር፣ ጄምስ ካትናች በ1813 ሞንማውዝ ኮርት ላይ በከፈተው ማተሚያ ቤትና በተከታዮቹ ዙሪያ የነበሩት ገጣሚዎች የተራቡ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ወጥ ቤት ያደጉ ገረዶች አይደሉም። ሁለተኛው ግማሽ ግን ስህተት ነው። በ1851 በእንግሊዝና በዌልስ ከተጋቡት ሴቶች 55 በመቶ ያህሉ በጋብቻ መዝገብ ላይ ስማቸውን ጽፈው ፈርመዋል። መፈረም ማንበብ ባይሆንም «አያነቡም» የሚለውን ይዘጋዋል። ሐና ከልዊክ የተባለችው የቤት ሠራተኛ ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ስትጽፍ ኖራለች፤ ጭስ ማውጫ ማጽዳቷን፣ ጫማ መወልወሏን፣ ወለል ማሸቷን ሁሉ። ደግሞስ ዘፈን እኮ ነው! ሻጩ መንገድ ላይ እየጮኸ ይዘፍነዋል። ደረጃ እያጠበች የምትሰማው ልጅ ፊደል መቁጠር አያስፈልጋትም።

ከለንደን ስንወጣ ደግሞ የመጀመሪያውም ግማሽ ይፈርሳል። ሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ አበርዲንሺር አካባቢ፣ የእርሻ አገልጋዮች በስድስት ወር ውል ይቀጠሩ ነበር። ቅጥሩ የሚካሄደው በገበያ ቀን አደባባይ ላይ ነው፤ ገበሬው ይዞራል፣ ወጣቱን ትከሻውን ያያል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ የእጅ መያዣ ሳንቲም ይሰጣል። ከዚያ ስድስት ወር ማምለጫ የለም። ማደሪያቸው ከጋጣው ጎን ያለች ክፍል፣ ምግባቸው ከቀን ቀን የማይለወጥ የአጃ እህል ነው። እነዚህ ሰዎች ማታ ማታ የሚዘፍኑትን ራሳቸው ገጠሙት። ጋቪን ግሬግና ጄምስ ደንከን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዚያ አካባቢ የሰበሰቡት ዘፈን ከ3,000 በላይ ነው፤ የእርሻ አገልጋዮቹ ዘፈኖች ከውስጡ አሉበት።

የእነዚህን ዘፈኖች አሠራር ልብ በሉ። «ክፉ ጌታ» ብለው አያልፉም፤ የእርሻውን ስም ይጠራሉ። ድረምደልጊ፣ ደልጋቲ፣ እያሉ። አንደኛው ቱራ በምትባለው ከተማ ገበያ አንድ ሀብታም ገበሬ ከአገሩ የሚበልጡ ጥንድ ፈረሶች አሠራሃለሁ ብሎ እንደቀጠረው ይተርካል። በእኔ ስንኝ፦

ቱራ ገበያ ላይ ፈረስ ሊሰጠኝ ምሎ፣
ቤቱ ስደርስ አጥንት በቆዳ ተጠቅልሎ።

ይህ እንባ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ያ ገበሬ ሲመጣ ወጣቶቹ ዘፈኑን ያውቁታል፣ የተሻለ ዋጋ ይጠይቁታል ወይም ጀርባ ይሰጡታል። አሠሪው ስለ ሠራተኛው ጠይቆ የሚያጣራበት መንገድ ብዙ ነበር፤ ሠራተኛው ስለ አሠሪው የሚያጣራው በዚህ ነው። ጸሐፊው እነዚህን ዘፈኖች ጭራሽ አላነሷቸውም። ምናልባት የእርሻ እንጂ የቤት ሠራተኛ አይደሉም ብለው ይሆናል። ሆኖም በእነዚያ እርሻዎች ላይ የወጥ ቤቷ ልጅም በዚያው ገበያ፣ በዚያው ውል የተቀጠረች ናት፤ በዘፈኖቹም ውስጥ አለች።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም የከነከነኝ ነው። «ጥቂት ጨካኞች ነበሩ፤ በጠቅላላው ግን ሠራተኛዋ ከፋብሪካ ልጅ ይልቅ በልታ፣ ለብሳ፣ በጣራ ሥር አድራለች» ይላሉ። ጣራው እውነት ነው። በዘመኑ የቤት እመቤቶች መመሪያ የነበረው የወይዘሮ ቢተን መጽሐፍ፣ 1861 የታተመው፣ ሁሉን ብቻዋን የምትሠራ ገረድ ከሠራተኞች ሁሉ ምናልባት ብቸኛዋ አዘኔታ የሚገባት ናት ይላል፤ ሕይወቷ የብቸኝነት፣ ሥራዋም በአንዳንድ ቤት የማያልቅ ነው ብሎ። ይህን የሚለው የአሠሪዎች መጽሐፍ ነው እንግዲህ! የዓመት ደመወዟንም ያስቀምጣል፦ ከ9 እስከ 14 ፓውንድ።

ደግሞም ጭካኔ ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያነሱት ይገባ የነበረው አንድ ወረቀት አለ፤ የምግባር መሸኛ። አንዲት ሠራተኛ ቤት ስትለቅ ቀጣዩ አሠሪ የፊተኛዋን እመቤት ይጠይቃል፤ ታማኝ ናት? ትጠጣለች? ንጹሕ ናት? ይህ መሸኛ ከሌለ ደህና ቤት መግባት አይታሰብም። ሕጉ ግን እመቤቲቱ መሸኛ እንድትሰጥ አያስገድድም ነበር። በአንጻሩ የሐሰት መሸኛ ይዞ መገኘት ከ1792 ጀምሮ በሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ እመቤት ዝም በማለት ብቻ ልጅቷን መንገድ ላይ ልትጥል ትችላለች፤ ልጅቷ ለማምለጥ ብትዋሽ ግን ወንጀለኛ ናት። አገራችን የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ተያዥ አምጪ ስትባል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የተራበች ልጅ «ለምን አልሄደችም?» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ ነው።

ዘፈኖቹን የምወቅስበትም ቦታ ይህ ነው። ጸሐፊው ዘፈኑ ብዙ አለ ብለው ይከሱታል፤ እኔ ደግሞ ጥቂት አለ ብዬ እከሰዋለሁ። ደም ሲፈስ፣ ገመድ ሲዘረጋ ነው የሚመጣው። የተከለከለ መሸኛ፣ የተቆረጠ ደመወዝ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ምድጃ ማቀጣጠል ገዢ አይስብም። የከፋው ደግሞ የጌታው ልጅ ወይም ጌታው ራሱ የሚያስረግዛት ገረድ ነገር ነው። የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የነበረው የለንደኑ የፋውንድሊንግ ሆስፒታል ልጃቸውን ሊሰጡ በሚለምኑ ሴቶች ማመልከቻ የተሞላ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው። በፔኒው ወረቀት ላይ ግን ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ወደ ቀልድ ወይም በሠርግ ወደሚያልቅ ፍቅር ይለወጣል። ጸሐፊው ዘፈኖቹን ለመምታት ከፈለጉ በዚህ በኩል ቢመጡ መከላከያ አልነበረኝም። የመረጡት ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ አሠሪዎቹን ትተው ወረቀት ሻጩን።

ስለ «ሚሊዮን ቅጂ» አጭር ነገር ልበል። የሚሊዮኑ ወሬ የጄን ዊልብሬድ አይደለም። በ1828 ማሪያ ማርተንን ገድሎ የተሰቀለው የኮርደር ወረቀት 1,166,000 ቅጂ፣ በ1849 በነፍስ ግድያ የተሰቀሉት የረሽ፣ እንዲሁም የማኒንግ ባልና ሚስት ወረቀቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 2,500,000 ያህል እንደተሸጡ ነጋዴዎቹ ተናግረዋል። ነጋዴ የሚናገረው ቁጥር ነውና በጥርጣሬ ይያዝ። ጸሐፊው የግድያን ቁጥር አንስተው በተራበች ልጅ ላይ ጫኑት። (በነገራችን ላይ ማሪያ ማኒንግ ራሷ ከማግባቷ በፊት የመኳንንት ቤት ገረድ ነበረች። ዘመኑ ገረድን ከሚፈራበት ምክንያት አንዱ እርሷ ናት።)

አሁን ወደ ሕጉ። «ለውጥ አላመጡም» ይላሉ። ዘፈን ብቻውን ሕግ አወጣ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። የሆነውን ግን በቅደም ተከተል እንየው።

በጥር 1850 በዴቨን አውራጃ ሜሪ አን ፓርሰንስ የተባለች ታዳጊ በአሠሪዎቿ እርሻ ላይ ሞተች። እርሷም ከወርክሃውስ የወጣች ናት። ሰውነቷ በድብደባ ቁስል ተሸፍኖ ነበር። አሠሪዎቿ በርድ የተባሉ ባልና ሚስት በግድያ ተከሰው ነጻ ወጡ፤ ምክንያቱም ገዳዩን ምት ያሳረፈው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ አልተቻለም። ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚልና የሥራ ባልደረባው ሃሪየት ቴይለር በጋዜጣ ላይ በቁጣ ጻፉበት። ዓመቱ ሳይሞላ የጄን ዊልብሬድ ጉዳይ ፈነዳ። በችሎቱም ሌላ ጉድ ታየ፦ በማስራብ የቀረበው ክስ አልጸናም፤ ልጅቷ ሕፃን ስላልሆነች አሠሪ አላበላሁም ብሎ በወንጀል አይጠየቅም ተባለ። ስሎኖች የታሰሩት በመምታታቸው እንጂ በማስራባቸው አይደለም።

ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በዚያው በ1851 ነው። ፓርላማው ለአገልጋዮችና ለሥራ ለማጅ ልጆች ጥበቃ ሕግ አወጣ። ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ የመስጠት ግዴታ ያለበት አሠሪ ሆን ብሎ ቢከለክል ወይም ጤናን በሚጎዳ መንገድ ቢደበድብ እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል። የወርክሃውስ ኃላፊዎችም ከ16 ዓመት በታች ሆነው ለአገልጋይነት የወጡ ልጆችን በመዝገብ ይዘው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲጎበኟቸው አዘዘ። ሕጉ ጠባብ ነው፤ ደመወዝንም፣ የሥራ ሰዓትንም፣ መሸኛንም አልነካም። ቢሆንም «ምንም ለውጥ» አይባልም። ያንን ወቅት የፈጠረው ጋዜጣው፣ ችሎቱ፣ በር ላይ የሚጮኸው ሕዝብና ሕዝቡ እየዘፈነ የሚሄደው ወረቀት አንድ ላይ ናቸው። ጋዜጣ ያኔ የቴምብር ቀረጥ ነበረበት፤ ዋጋው ለገረድ አይቀመስም። ያ ሕዝብ ወሬውን በምን እንደሰማ ጸሐፊው ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ዘፈኖቹ ለምን ጠፉ? በደሉ ስለጠፋ አይደለም። በ1855 የጋዜጣ የቴምብር ቀረጥ ተነሳ፤ ጋዜጣም በፔኒ ይገኝ ጀመር። በ1868 በአደባባይ መስቀል ቀረና የወረቀቱ ትልቁ ገበያ ከእስር ቤት ግንብ ጀርባ ገባ። ዘፈን የሚፈልገው ሰውም ወደ ሙዚቃ አዳራሾች ሄደ። በደሉን በተመለከተ ደግሞ ሠራተኞቹን መጠየቅ ነው፤ በ1872 የዳንዲ ከተማ ገረዶች ተሰብስበው ማኅበር ለማቋቋም ሞክረው ጋዜጦች ተሳልቀውባቸዋል። በ1875 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ «ሠራተኛ» የሚለው የቤት አገልጋይን እንደማይጨምር በግልጽ ጽፏል። በዚያው ዓመት ከወርክሃውስ ለሚወጡ ወጣት የለንደን ገረዶች የሚቆም የበጎ አድራጎት ማኅበር መመሥረቱ በራሱ ችግሩ የት እንዳለ ያሳያል።

የቀረው የዐረብ አገር ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ስለ ቤሩት፣ ስለ ሪያድና ስለ ዱባይ እህቶቻችን የሚዘፈነውን ከፔኒው ወረቀት ጋር አመሳስለው «ያው የእንባ ንግድ» ብለው ዘግተውታል። ማመሳሰሉን አልጠላሁትም፤ ተመሳሳዩ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረባት፣ ፓስፖርቷ በመዳም መሳቢያ የተቆለፈባት ልጅ ያለችበት ሁኔታ መሸኛ ከተከለከለችው የለንደን ገረድ ጋር ይቀራረባል፤ መውጣት ትችላለች፣ ከወጣች ግን ሕገ ወጥ ናት። መንግሥታችን በጥቅምት 2013 ለቤት ሠራተኝነት ወደዚያ መሄድን ሲያግድ፣ በ2018 እገዳውን ሲያነሳ ይህ አልተለወጠም።

የዘፈኑ አመጣጥ ግን አይገናኝም። ሴቶቻችን ወፍጮ ላይ ተደፍተው ጌታና እመቤታቸውን በእንጉርጉሮ ሲሸነቁጡ የኖሩት ከማንም የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ተምረው አይደለም። ዛሬም በየስልካችን የሚደርሰን አንዳንዱ ድምፅ ስቱዲዮ የገባ ዘፋኝ ሳይሆን ልጅቷ ራሷ ሌሊት በሹክሹክታ የቀዳችው ነው። ለዚያ ማንም ሽልንግ አልከፈላትም። ጸሐፊው ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ ቃል ጠቅልለዋቸዋል።

በጽሑፋቸው ግርጌ ሁለተኛ ክፍል እንደሚቀጥል ገልጸዋል። ከማውጣታቸው በፊት የኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በበይነ መረብ በነጻ የከፈተውን የመንገድ ዘፈኖች ስብስብ ቢያገላብጡ እመክራለሁ፤ ወደ 30,000 የሚጠጉ ወረቀቶች ከነሥዕላቸው አሉበት። የጄን ዊልብሬድን ነገርም «በ1861 የሆነ» ብለው የጻፉት በአሥር ዓመት የተሳሳተ ነውና እግረ መንገዳቸውን ያርሙት።